የተቆለፈው ሙሾ

ሸጌ ቂመኛ ናት። ይህን የምለው ላማት አይደለም፤ ራሷም አትክድም። «የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም» ሲሏት «እኔማ የወጋሁትንም አልረሳም» ብላ ትመልሳለች። አንድ ጊዜ የድንበር ድንጋይ የገፋባት ጎረቤቷ ሲሞት ለቅሶው ላይ ተገኝታ፣ የሰውዬውን በሬ እያነሳች ሕዝቡን ስታስለቅስ ውላ፣ ስለ ባለቤቱ አንድ ቃል ሳትተነፍስ ነጠላዋን አራግፋ ሄዳለች። በሬው ደግሞ አልሞተም ነበር፤ እዚያው አጥር ሥር ቆሞ ያመነዥጋል።

እንዲህም ሆና በሰቆጣና በዙሪያዋ እሷ ያላለቀሰችለት ሰው በደንብ የተቀበረ አይመስልም። ሙያዋ ማልቀስ ነው። አማርኛውንም ኽምጣናውንም እያፈራረቀች ትገጥመዋለች። ከአምደወርቅ ድረስ ሰው ይላክባታል። ስትደርስ መጀመሪያ ዘመዶቹን ጠጋ ብላ ትጠይቃለች፤ ሟች ምን ይወድ ነበር፣ ከማን ጋር ተጣልቶ ከማን ታረቀ፣ ማን ቀረበት። ከዚያ ትነሳለች። ስትነሳ ወንዶቹ ሳይቀሩ አንገታቸውን ይደፋሉ።

ሙያውን ከእናቷ የወረሰችው ከነሕጉ ነው። ለቅሶ አይደገምም፤ ለአንዱ የተባለ ግጥም ከቀብር መልስ ቢደገም ሌላ ሞት ይጠራል። አንዷ የጀመረችውን ለቅሶም ሌላዋ አትቀጥለውም፤ መቀጠል የሚችለው የሟች እናት ወይም እህት የሆነ ብቻ ነው። ከሁሉ በላይ ደግሞ ማሰናበቻ አለ። ማሰናበቻ የመጨረሻው ግጥም ነው፤ ሟቹን በቃ ሂድ፣ መንገድህ ይቅና የሚለው። እሱ ካልተባለ ነፍስ ደጅ ላይ ቆማ ትቀራለች ይላሉ። ቄሶቹ ይህን ሲሰሙ ይቆጣሉ፤ ፍትሐት ያላደረሰውን ሙሾ አያደርሰውም ብለው ይገስጻሉ። ሴቶቹም እሺ አባታችን ይሉና እንደ ልማዳቸው ያደርጋሉ።

ሸጌ የተወለደችው ጋዝጊብላ ነው። እዚያ ጸሐይነሽ የምትባል አብሮ አደግ ነበረቻት፤ አንዷ ያለ አንዷ ውሃ የማይወርዱ። ሸጌ ወደ ሰቆጣ ተድራ ስትመጣ ጸሐይነሽ እዚያው ቀረች። ጸሐይነሽ አንድ ልጅ ብቻ ነበራት፤ ይሄይስ። ይሄይስ ተምሮ፣ ባሕር ተሻግሮ፣ ዶክተር ተብሎ ተመለሰና የዩኒቨርሲቲ መምህር ሆነ። የሚያጠናው ምን ቢሆን ጥሩ ነው? የዋግን ሙሾ።

«የኔ ልጅ ለቅሶሽን ሊቀርጽ ይፈልጋል» አለቻት ጸሐይነሽ አንድ የገበያ ቀን። «ላንቺም ለልጅ ልጅም የሚቀር ነው ይላል።»

«ለቅሶ አይደገምም፣ ጸሐይ።»

«አይደግመውም፤ ይጽፈዋል እንጂ። ለኔ ስትይ።»

ለጸሐይነሽ ስትል እሺ አለች። ይሄይስ ሁለት ሦስት ጊዜ መጥቶ አቅፎ ሳማት፤ ከዚያ በኋላ ረዳቱን እየላከ እሱ ቀረ። ረዳቱ መቅረጫውን ይዞ ከለቅሶ ለቅሶ ይከተላት ጀመር። ሰውም ለመደው።

ሸጌ ሁለት ልጆች ነበሯት። ሴቷ ባሕር ዳር አግብታለች። ወንዱ መንግሥቴ፣ በጅቡቲ አድርጎ ሳዑዲ እገባለሁ ብሎ ከጓደኞቹ ጋር ወጣ። ጀልባዋ ተገለበጠች። መርዶው ሲመጣ ሬሳ የለም። እንደ ደንቡ ልብሱን ከአልጋ ላይ ዘርግተው፣ ቀበቶውንና ትቶት የሄደውን ጃኬት አጋድመው ለቀሱለት። ለመንግሥቴ የምታለቅሰው ማን ትሁን? ሌላ አልቃሽ ልትነሳ ስትል ሸጌ «ተቀመጪ» አለቻት። ራሷ ተነሳች። ረዳቱም እንደ ልማዱ እዚያው ነበር፤ መቅረጫውን ያስታወሰው ሰው የለም።

ሸጌ የዚያን ቀን ያለችውን አታውቅም። ቀበቶውን ማንሳቷን ታስታውሳለች። ቀጥሎ የምታስታውሰው ጓዳ ውስጥ ተጋድማ ፊቷ ላይ ውሃ ሲረጭባት ነው። በመሀሉ ያለው ሁሉ ጠፋ። የስንቱን ልጅ አሰናብታ የራሷን ልጅ አሰናብታው ይሁን መሀል መንገድ ላይ ጥላው አታውቅም። ከዚያ ወዲህ እንቅልፍ የነሳት ሞቱ ብቻ አይደለም፤ ይህ ነው።

ማንን ትጠይቅ? ለቅሶ አይደገምም እያለች ስትገሥጽ የኖረችው እሷው ናት። ጎረቤቶቿ ጥያቄዋን ሲሰሙ ያማትባሉ። በመጨረሻ ጸሐይነሽን ያዘቻት።

«ጸሐይ፣ አሰናብቼዋለሁ? ይህን ብቻ ንገሪኝ።»

ጸሐይነሽ ፊቷን አዞረች። «ሌላዋ ልጅሽ ላይ ሞት ልትጠሪባት ነው? ልጅሽ ተሰናብቷል። እወቂው፣ ተይው።»

ሸጌ አላመነቻትም። ልጇ ለሞተባት እናት ማን እውነት ይነግራታል? እሷም ለስንቷ እናት እንዲህ ብላለች።

ጊዜ ሄደ፤ ጦርነቱም መጥቶ አለፈ፤ ኔትወርክም ተመለሰ። ሰቆጣ ከተማ የምታስተምረው የእህቷ ልጅ ዮርዳኖስ አንድ ከሰዓት ስልኳን ይዛ ከች አለች። የይሄይስ ጥናት በውጭ አገር የምርምር መጽሔት፣ ጆርናል በሚሉት ላይ ወጥቷል። የሸጌ ሙሾዎች አሉበት፤ ድምፁም ተያይዞበታል። «ባሕር ለበላው ልጇ ያለቀሰች እናት» የሚል ክፍል አለው። መጀመሪያው ገጽ ላይ ከዚያ ለቅሶ አንድ ግጥም በአማርኛ ከነትርጉሙ ሰፍሯል። ዮርዳኖስ ቀስ ብላ አነበበችላት።

ተከዜ ሲሞላ ትመለስ የነበር፣
ልጄ ምን አስደፈረህ ማዶ የሌለው ባሕር።

ሸጌ እጇን አፏ ላይ ጫነች። የራሷ ቃል ነው፤ ግን እንደ ባዳ ቃል ነው የሰማችው።

«ቀጥይ።»

«አይቀጥልም፣ አክስቴ። ከዚህ በኋላ ተቆልፏል። የቀረውን ለማንበብ ይክፈሉ ይላል፤ በዶላር።»

«ተከፋዩ ማን ነው? ይሄይስ?»

«ለሱ አይደርሰውም። ጆርናሉን የሚያወጣው ድርጅት ነው።»

«ድርጅቱ መንግሥቴን ያውቀው ነበር?»

«የት አውቆት።»

«አልቅሶለታል?»

ዮርዳኖስ የምታውቀውን ነገረቻት። ዛሬ ብዙ ተመራማሪ ጥናቱን ለማንም ክፍት አድርጎ ያወጣል፤ በዓለም ላይ ያለ ሰው ሁሉ ሳይከፍል ያነባል። እንዲህ ያለው ጆርናል እንኳ ጸሐፊው የራሱን ቅጂ በዩኒቨርሲቲው ድረ ገጽ ላይ በነፃ እንዲያስቀምጥ ይፈቅድለታል። ደንቡ እዚያው ተጽፏል። ይሄይስ አላስቀመጠም እንጂ ቁልፉ በእጁ ነው።

ሸጌ ሌላውን ሁሉ ተወችውና ይህን አንዷን ያዘች። በእጁ ነው።

ደወሉለት። «እትዬ ሸጌ! እንደምን ሰንብተዋል?» አለ ይሄይስ በሚያምር ድምፁ።

«ይሄይስ፣ የልጄን ለቅሶ ክፈትልኝ።»

ይሄይስ ሳቅ አለ። ጆርናሉ ትልቅ መሆኑን፣ እድገቱ በዚህ ላይ እንደተንጠለጠለ አስረዳት። ድምፁ ብቻውን ከእጁ ከወጣ ነገ ቲክቶክ ላይ ይበተናል፤ እሱ ደግሞ መጽሐፍ ሊሠራበት ነው። «በነፃ የተበተነ ነገር ማን ያከብረዋል ብለው ነው? እስኪ ጊዜ ሳገኝ አየዋለሁ።»

«እኔ በነፃ አይደለም ወይ የሰጠሁህ?»

«እሱማ ልክ ነው…»

ጊዜ አላገኘም። በሁለተኛውም በሦስተኛውም ሳምንት አላገኘም። ከዚያ ስልክ ማንሳትም ተወ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም የሚባለው እውነት ነው፤ የተማረ ሞኝ ሲሆን ደግሞ ይብሳል። አንድ ቀን ዮርዳኖስ በሌላ ቁጥር ስትደውል አነሳ። ሸጌ ስልኩን ነጥቃ እንዲህ አለችው፦

«እሺ ልጄ። ካንተም ቤት አንድ ቀን ሬሳ ይወጣል። ያን ቀን እኔም ጊዜ ሳገኝ እመጣለሁ።»

በንዴት ብቻ ተናገረችው። ከዚያ ቤት ቀድሞ የሚወጣው ሬሳ የማን ሊሆን እንደሚችል አላሰበችበትም።

ጸሐይነሽ የሞተችው በዚያው ዓመት፣ ከመኸር በኋላ ነው። ሸጌ ስትሰማ ጓዳ ገብታ ብቻዋን አለቀሰች፤ ግጥም የለው፣ ዜማ የለው፣ ዝም ብሎ የሰው ለቅሶ። ከዚያ ተጣጥባ፣ ጥቁሯን ለብሳ፣ ሚኒባስ ተሳፍራ ጋዝጊብላ ሄደች።

ይሄይስ ደህና አድርጎ ደግሷል። ትልቅ ድንኳን ተጥሏል፣ የዩኒቨርሲቲ ሰዎች በመኪና መጥተዋል፣ ቪዲዮ የሚቀርጽ ሰው ቆሟል። ሸጌን ሲያይ እየሮጠ መጥቶ እግሯ ላይ ወደቀ። «እናቴ እርስዎን ብቻ ነበር የምትለው» አለ። ይህን ባይላት ምናልባት ይቀልላት ነበር። አነሳችውና ወደ ቃሬዛው አለፈች።

ቆመች። ጀመረች።

ደጃፍሽ ሳይዘጋ ዕድሜሽ ብቻ አለቀ፣
ከበርሽ የቆመ እንግዳ ተሳቀቀ።

ድንኳኑ አንድ ላይ ጮኸ። ከጸሐይነሽ እጅ ያልበላ ማን አለ? ሴቶቹ ደረታቸውን ደቁ፣ ሽማግሌዎቹ በዘንጋቸው ላይ ተደፉ። ይሄይስ መሬት ላይ ተንከባለለ። ዋይታው ረገብ ብሎ ሁሉም ቀጣዩን ሲጠብቅ ሸጌ ነጠላዋን ከወገቧ ፈታች።

«እስከዚህ በነፃ ነው» አለች። ድምፅዋ እንደ ገበያ ሰው ደረቅ ነበር። «የቀረው ተቆልፏል። የፈለገ ዶክተሩን ይጠይቅ፤ እሱ ያውቃል።»

ሄዳም ከሴቶቹ መሀል ተቀመጠች።

መጀመሪያ ነገሩ የገባው ሰው አልነበረም። ቀጥሎ ሹክሹክታው ተነሳ፣ ነገሩን የሚያውቅ ላላወቀው ነገረው፣ ድንኳኑ እንደ ቀፎ ጮኸ። ከዩኒቨርሲቲ የመጡት ዓይናቸውን መሬት ላይ ተከሉ። የሰፈሩ ሽማግሌ አያ ቅጣው ወደ እሷ መጡ።

«ሸጌ! በሬሳ ፊት?»

«የኔ ልጅ ሬሳ እንኳ አላገኘም፣ አያ ቅጣው። ያገኘው ቃል ብቻ ነው። እሱን ቆለፈብኝ።»

ይሄይስ አጠገቧ ተንበረከከ። «እትዬ ሸጌ፣ በእናቴ ሞት! ከቀብር በኋላ እከፍተዋለሁ።»

«እኔም ከቀብር በኋላ እጨርሰዋለሁ።»

የተጀመረ ለቅሶ ሌላ ሰው አይቀጥልም። ጸሐይነሽ እናት የላት፣ እህት የላት። አልቃሾቹ እርስ በርስ ተያዩ፤ ልትነሳ የደፈረች የለችም። ቄሶቹ መሸ ብለው አጣደፉ። ጸሐይነሽ ያለ ማሰናበቻ ወጣች። ቃሬዛው ሸጌ ፊት ሲያልፍ ሸጌ ቀና ብላ አላየችም። ጸሐይ ታውቀኛለች፣ በዚያ ዓለም ስንገናኝ አስረዳታለሁ ብላ በሆዷ ተናገረች።

ሰቆጣ ስትመለስ ደስ አላት። ይህን መሸፋፈን አያስፈልግም፤ ደስ አላት። የልጇ ጃኬት ፊት ቁጭ ብላ «አየህልኝ?» አለችው። ወሬው ከእሷ ቀድሞ ገበያ ደርሶ ነበር። ማር የምታስቀምስ ሴት ጣት አስነክታ «እስከዚህ በነፃ ነው» ስትል ገዢው በሳቅ ይፈርሳል። ይሄይስ በሄደበት ሁሉ ይህች ቃል እንደምትከተለው ሸጌ ሰማች። የምግብ ያህል ጠገበች።

የጸሐይነሽ ተዝካር ሳይደርስ ይሄይስ ከፈተው። ጽሑፉንም ድምፁንም በዩኒቨርሲቲው ድረ ገጽ ላይ አስቀመጠ፤ ለማንም፣ ያለ ክፍያ። ዮርዳኖስ እንደ ነገረቻት የግማሽ ቀን ሥራ እንኳ አልነበረም። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዲሉ።

ዮርዳኖስ ቅዳሜ ጠዋት ስልኳን ይዛ መጣች። ሸጌ ግቢዋን ጠርጋ፣ የውጭውን በር ዘግታ፣ የመንግሥቴን ቀበቶ ጉልበቷ ላይ አድርጋ ትጠብቃለች።

«ሕጉንስ፣ አክስቴ?»

«ሕጉን እኔ እመልስለታለሁ። ክፈቺው።»

ጫጫታ ተሰማ፣ ሳል፣ የፍየል ድምፅ። ከዚያ የራሷ ድምፅ መጣ። ተከዜ ሲሞላ ትመለስ የነበር። ሁለቱን መስመር ጨረሰች። ለሦስተኛው ትንፋሽ ሳበች፤ ትንፋሹ ግጥም ሳይሆን እሪታ ሆኖ ወጣ። ከዚያ ሰው ሲወድቅ ተሰማ። «ውሃ! ውሃ!» ይላሉ።

ሸጌ ዓይኗን ጨፈነች። ይህን ነበር የፈራችው። መሀል መንገድ ላይ ጥላዋለች።

«ዝጊው» ልትል አፏን ስትከፍት ስልኩ ውስጥ ሌላ ድምፅ ተነሳ። ወፍራም፣ ዜማ የማያውቅ፣ አማርኛው በኽምጣና የታሸ። አልቃሽ ያልሆነች ሴት ድምፅ ነው።

እናትህ ደከመች፣ ቃሏ አለቀባት፣
እኔ ልጨርሰው፣ እሷን አሳርፏት።

ቀጠለች። እየተሰበረች፣ እየተሳሳተች፣ ቤት እየመታላትም ሳይመታላትም ቀጠለች። መንግሥቴ በልጅነቱ እሷ ቤት ክረምት መክረሙን፣ ቀዳዳ ጣሪያዋን መክደኑን አነሳች። እስከ መጨረሻው ሄደች። በቃ ሂድ ልጄ፣ መንገድህ ይቅና አለችው። ሕዝቡም አሜን አለ።

ዮርዳኖስ ጽሑፉን እያየች «ሁለተኛዋ አልቃሽ፣ ስሟ አልተመዘገበም ይላል» አለች። «ማን ናት?»

ሸጌ ቀበቶውን እንደ ጨበጠች ቀረች። የተጀመረ ለቅሶ የሚቀጥለው እናት ወይም እህት የሆነ ብቻ ነው። ጸሐይነሽ በዚያ ሁሉ ሕዝብ ፊት እናት ነኝ ብላ ተነስታ ነበር። ፊቷን ያዞረችውም ቦታሽን ያዝሁ ማለት ከብዷት ነው። ልጅሽ ተሰናብቷል ያለችውም እውነቷን ነው።

«ደውይለት» አለች ሸጌ።

ይሄይስ ወዲያው አነሳ። «እትዬ ሸጌ፣ ከፈትሁት እኮ! አዩት?»

«ይሄይስ፣ አንተ ይህን ድምፅ ሰምተኸዋል?»

«ድምፁን ወደ ጽሑፍ የገለበጠው ረዳቴ ነው… እኔ የሠራሁት በጽሑፉ ላይ ነው።»

«አሁን ስማው። ሁለተኛዋን ስማት። የምን ስም አልተመዘገበም ነው የምትለኝ? ጡት አጥብታህ የለ?»

ከወዲያ በኩል መስማት እንደ ጀመረ አወቁ፤ የእናቱ ድምፅ በስልኩ ውስጥ ቀጭን ሆኖ ይመጣ ነበር። ቆይቶ ማልቀስ ጀመረ። ሸጌ አላዘነችለትም።

«በጊዜው ከፍተኸው ቢሆን እኔ ይህን እሰማ ነበር» አለችው። «ሰምቼ ቢሆን ሬሳዋ ፊት አፌን እዘጋ ነበር? የኔን ልጅ ያሰናበተችውን ሴት እኔ ደጅ ላይ ጥያት መጣሁ። አንተ ቆለፍህ፣ እኔ ቀበርሁ። እኔ የኔን ይዤ እሞታለሁ። አንተም ያንተን ያዝ።» ስልኩን ዘጋችው።

ዮርዳኖስ ውሃ አመጣችላት፣ አልጠጣችም። ከዚያ ነጠላዋን ወገቧ ላይ አሰረች።

«ይህ ነገርሽ ይቀርጻል?»

«ይቀርጻል።»

«እኛ የቀረጽነውን በነፃ የምናስቀምጥበት ቦታ አለ? ማንም የሚከፍተው?»

«አለ፣ አክስቴ። ግን ለቅሶ አይደገምም ይሉ የለ?»

«ይህ መድገም አይደለም። ያልጨረስሁት ነው።»

ተነሳች። ወደ ጋዝጊብላ በኩል ዞረች። የቆመችው ባዶ ግቢ ውስጥ ነው፤ ሬሳ የለ፣ ልብስ የለ፣ አሜን የሚል ሕዝብ የለ። ሰው የሚያውቀው ድምፅዋ ግን ሙሉ ሆኖ ወጣ።

የኔን ስትጨርሺ ያንቺን አጎደልሁት፣
ስንቅሽን ዘግይቼ ይኸው አደረስሁት።

እስከ ማሰናበቻው ሄደች። አሜን ያለችው ዮርዳኖስ ብቻ ናት፤ እሷም እያለቀሰች። ሸጌ ተቀመጠችና ያን ጊዜ ውሃውን ጠጣች።

«አሁን ጻፊበት» አለች። «ሟች፣ ጸሐይነሽ። የመንግሥቴ እናት። አልቃሽ፣ ሸጌ። እሷም የመንግሥቴ እናት። በይ።»

ዮርዳኖስ ጻፈች። «ጸሐይነሽ ያስቀበራት ልጅ አላት እኮ፤ የሱንም ስም ላስገባ?»

ሸጌ አሰበች። ይቅር ማለት የፈለገች ሰው የምታስበውን ያህል ረጅም ጊዜ አሰበች።

«ልጅ አላት በይ» አለች። «ስሙ አልተመዘገበም።»